በትንሽ ብር የእንጨት ሥራ ማሽን አመራረጥ፦ ቤታቸው ለሚሠሩ

«ቤቴ ውስጥ እንጨት ሥራ ልጀምር ነው፣ ያለኝ ብር ይቺን ታህላለች፣ የቱን ማሽን ልግዛ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታና ከዚያው አካባቢ ናቸው። ግቢያቸው ጠባብ ነው። ቆጣሪያቸው ባለ አንድ ፌዝ ነው። ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ በቅደም ተከተል ልጻፈውና ሁላችሁም ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ማሽን ርካሽ የሚባለው የቤታችሁ መብራት ሲችለው፣ ቦታችሁ ሲይዘው፣ ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫው መርካቶ ሲገኝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በነፃ ቢሰጧችሁም ውድ ነው።

ወደ ገበያ ስትወጡ የምትይዟቸው ዕቃዎች

- ሜትር፣ እና ግማሽ ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ
- ስኳድራ (90 ዲግሪ መለኪያ)
- ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ (ከሌላችሁ ተዋሱ)
- ትንሽ ማግኔት
- አንድ ነጠላ የደብተር ወረቀት
- የምትሠሩበት ዓይነት እንጨት ቁራጭ፤ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ከሆነ ኤምዲኤፍ፣ ጣውላ ከሆነ ጣውላ
- የቤታችሁ ብሬከር ፎቶ እና የክፍላችሁ ልክ

ስልካችሁ ባትሪ ስላለው ሌላ መብራት አያስፈልግም።

1. ምን እንደምትሠሩ ወስኑ

በሚቀጥሉት ወራት የምትሠሯቸውን ሦስት ዕቃዎች ወረቀት ላይ ጻፉ። ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔ ከሆነ ጥሬ ዕቃችሁ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ነው። እሱ ከፋብሪካ ልክ ሆኖ፣ ውፍረቱ ታውቆ ይመጣል። ስለዚህ መላጊያ ማሽን አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልጋችሁ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ መጋዝ ነው። አልጋ፣ በር ወይም ጠረጴዛ ከጣውላ የምትሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚመጣላችሁ ጣውላ ሻካራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጠማማና በደንብ ያልደረቀ ነው። የመላጊያ ጉዳይ ያኔ ይነሳል።

ይህን ሳትወስኑ ሱቅ ከገባችሁ የሚወስንላችሁ ሻጩ ነው።

2. የቤታችሁን መብራት እወቁ

የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱና ማሽኑ የሚሰካበት መስመር ስንት አምፔር እንደሆነ አንብቡ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አምፔሩን በ220 ቮልት ማባዛት። ባለ 10 አምፔሩ 2,200 ዋት፣ ባለ 16 አምፔሩ 3,520 ዋት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ግን ለማሽኑ አይደለም። ኢንዳክሽን ሞተር (ከባዱና ጸጥ ያለው ዓይነት፣ በ5ኛው ላይ እመለስበታለሁ) ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ለዚህ ነው ብሬከሩ ገና ሲበራ የሚወርደው። እኔ የምመክረው በ16 አምፔር መስመር ላይ ከ1.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ2 የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ ሞተር ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን አትርሱ፣ ሻጮች አንዴ በዋት አንዴ በፈረስ ጉልበት ስለሚናገሩ ግር ይላችኋል።

ሽቦውንም እዩ። ለማሽን ሶኬት የሚሄደው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በአሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ከአምፖሉ ቀጭን ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ግድግዳ ውስጥ የሚግል ሽቦ የቤት እሳት ነው።

ከዚያ በቴስተር ቮልቱን ለኩ። ቀን ሳይሆን ማታ፣ ምጣድ ተሰክቶ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ለኩ። ከ200 በታች ከወረደ ኢንዳክሽን ሞተር ጉልበቱን ለማሟላት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላል። ምጣዱና ማሽኑ በአንድ ሰዓት አይሥሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የሞተር መለኪያ የሚወጣው ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሁሉ እየጨመቃችሁ ቀኑን ሙሉ ማሠራት አይቻልም። ጥቂት ትርፍ ያለው ሞተር ምረጡ፣ በመሀል በመሀልም አሳርፉት።

ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን (380 ቮልት) አሮጌ ገበያ ላይ በሚያጓጓ ዋጋ ይገኛል። ቤታችሁ ሦስት ፌዝ ካልገባ እለፉት። ሞተሩን እንቀይረዋለን እያሉ የሚገዙ አሉ፤ ሞተሩ፣ ማብሪያው፣ የጠምጣሚው ክፍያ ሲደመር አዲስ ማሽን ይገዛ ነበር።

3. ቦታውን ለኩ

አንድ ሉህ ኤምዲኤፍ በአብዛኛው 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በጠረጴዛ መጋዝ ቁመቱን ለመቅደድ ከዲስኩ ፊት ለፊት 2.44፣ ከኋላም 2.44 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። እናንተ የምትቆሙበት ሲጨመር ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ፒያሳ ወይም ልደታ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ስንቶቻችሁ አላችሁ?

ከሌላችሁ መፍትሔው ሉሁን ወደ ማሽኑ መውሰድ ቀርቶ ማሽኑን ወደ ሉሁ መውሰድ ነው። የእጅ ሰርኩላር መጋዝ፣ ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ቱቦና ሁለት ሞርሳ። ሉሁን መሬት ላይ በተነጠፈ ፎም ወይም በአራት ጣውላ ላይ ታስተኛላችሁ፣ ቱቦውን በመስመሩ ልክ ታስራላችሁ፣ መጋዙን አስጠግታችሁ ትገፋላችሁ። ግቢ ውስጥም በረንዳ ላይም ይሠራል። ሲያልቅ ሁሉም መደርደሪያ ላይ ይገባል።

ድምፁንም አስቡ። ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል፣ እያለቀ የሚቀየር ቁራጭ) ያለው ማሽን ይጮሃል፣ ጎረቤት ደግሞ ልጅ ያስተኛል። ሰዓት ቀድሞ መስማማት ከክስ ያድናል።

4. በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ

ሁሉን በአንድ ቀን አትግዙ። መጀመሪያ ድሪል (ብዙዎቻችሁ አላችሁ)። ቀጥሎ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ። ከዚያ ራውተር፣ ምክንያቱም ጠርዝ ማሳመር፣ ቦይ ማውጣት፣ ለማጠፊያ መቦርቦር ሁሉ በእሱ ይሠራል። ከዚያ ሳንደር (የማለስለሻ ማሽን)። እነዚህን ይዛችሁ ጥቂት ዕቃ ሠርታችሁ ከሸጣችሁ በኋላ የሚቀጥለው የጠረጴዛ መጋዝ ይሁን ወይስ መላጊያ፣ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል።

ኮምባይንድ ማሽን ልግዛ ወይ የሚለኝ ብዙ ነው። መጋዙም መላጊያውም መብሻውም አንድ ላይ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለመዞር ጋይዱን (እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበትን ቀጥ ያለ ብረት) ነቅሎ እንደገና ማስተካከል አለ፣ አንድ ሞተር ሲቃጠል ደግሞ ሁሉም ሥራ አብሮ ይቆማል። ቦታ ላለው፣ ሦስት ፌዝ ላለው፣ ቀን ከቀን ለሚሠራ ወርክሾፕ ጥሩ ነው። ለጀማሪ ቤት አልመክረውም።

5. የሞተሩን ዓይነት ለዩ

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ካርቦን ያለው ነው፤ ቀላል፣ ጯሂ፣ በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር የሚዞር። የእጅ መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠሩት አብዛኞቹ፣ እንዲሁም ትንንሽ የጠረጴዛ መጋዞች በእሱ ይሠራሉ። ሁለተኛው ኢንዳክሽን ነው፤ ከባድ፣ ጸጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ የካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳ የኤሌክትሪክ ማከማቻ) ጉብታ ያለው፣ በደቂቃ 1,400 ወይም 2,800 አካባቢ የሚዞርና ጉልበቱን በቺንጋ የሚያስተላልፍ። አንድ ቦታ ተተክሎ ለብዙ ሰዓት ለሚሠራ ኢንዳክሽን ይሻላል። ለተንቀሳቃሽ ሥራ ካርቦን ያለው ይበቃል፣ ካርቦኑም በቀላሉ ይቀየራል። ስትገዙ ግን ሻጩን «የዚህ ካርቦን አለህ?» በሉት። ካለው ሁለት ጥንድ እዚያው ግዙ። ከሌለው ለምን እንደሌለው ጠይቁ።

6. የሞተሩን ታርጋ አንብቡ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዉት። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ታርጋ በስልካችሁ ባትሪ አብርታችሁ አንብቡ። ቮልት፣ ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በሰከንድ)፣ አምፔር፣ ዋት፣ የዙር ብዛት።

ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት። «3,000 ዋት» የተባለ መጋዝ ታርጋው ላይ 6 አምፔር ካለ፣ 220 በ6 ሲባዛ 1,320 ነው። ከሚስበው በላይ ሊሠራ አይችልም፣ ስለዚህ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። ገመዱም ያጋልጣል፤ ሦስት ሺህ ዋት የተባለ ማሽን እንደ ሬዲዮ ገመድ የቀጠነ ሽቦ አይኖረውም።

«ኤስ1» (S1) የሚል ካያችሁ ሞተሩ ሳያቋርጥ መሥራት ይችላል ማለት ነው። «ኤስ6 40%» (S6 40%) ካለ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ አራቱን ብቻ ጫና ተሸክሞ፣ ስድስቱን በባዶ እየዞረ ማረፍ አለበት። ርካሽ የጠረጴዛ መጋዞች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለቤት ሥራ አይከፋም፣ ግን አውቃችሁ ግዙት።

የታወቀ ስም የተጻፈበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ ዕቃ አይደለም። ማኪታና ቦሽ ተመስለው የተሠሩ ብዙ አሉ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ካነሰ፣ የታርጋው ፊደል ከተዛነፈ ወይም የፕላስቲኩ ስፌት ሻካራ ከሆነ ተዉት። በትክክለኛ ስሙ የሚሸጥ ርካሽ ማሽን፣ ለምሳሌ ኢንግኮ ወይም ቶታል፣ ከተመሳሰለ ማኪታ ይሻላል። መለዋወጫው ከየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይታወቃላ።

7. ሱቁ ውስጥ ፈትሹት

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ጥሩ ሻጭ ስትፈትሹ አይቆጣም። ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ እንጀምር።

የጠረጴዛ መጋዝ ከሆነ የብረት ማስመሪያውን በጎኑ አቁማችሁ የማሽኑ ገበታ ላይ አድርጉት፤ በርዝመቱ፣ በወርዱ፣ ከጥግ ወደ ጥግ። የደብተር ወረቀቷን በማስመሪያው ሥር አስገቡ። አንድ ወረቀት ጠበቅ ብላ ካለፈች ችግር የለም። ሦስትና አራት ተደራርባ ካለፈች ገበታው ጎድጓዳ ነው፣ ይህ ደግሞ በቤት አይስተካከልም። ማግኔቱን ገበታው ላይ አድርጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም መጥፎ አይደለም፣ ቀላል ነው፣ ግን የተቀጠቀጠ ቦታ ካለው ቶሎ ያሳያል።

ቀጥሎ ዲስኩን አንዱ ጥርስ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥርሱን ወደ ፊት አምጥታችሁ ከገበታው ቦይ እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት በስኳድራው ለኩ። ዲስኩን በእጃችሁ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱና እንደገና ለኩ። ሁለቱ ልክ አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ ዲስኩ ከቦዩ ጋር ትይዩ አይደለም፣ እንጨቱን እያቃጠለ ይቆርጣል፣ ወደ ኋላም ይወረውራል። የሚስተካከልበት ብሎን ካለው ግዙና አስተካክሉ። ከሌለው አትግዙ። ጋይዱንም እሰሩትና ጫፉን ወደ ጎን ግፉት። ታስሮ የሚነቃነቅ ጋይድ በቀጥታ አይቆርጥም። ርካሽ መጋዝ ላይ መጀመሪያ የሚታማው እሱ ነው።

ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመዋን ቀጭን ብረት ፈልጉ። የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ የምትከለክል እሷ ነች። ከሌለች መጋዙን ተዉት።

የእጅ መሣሪያ ከሆነ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። የሚንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታው ልል ነው። የሰርኩላር መጋዙን ወለል በማስመሪያ እዩ፤ ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ ሞርሳ ሲነካው ይጣመማል።

አሁን ይሰካ። ዝም ብላችሁ አዳምጡ። እኩል የሆነ ድምፅ ጥሩ ነው፤ የሚፈጭ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ኩሽኔታ ነው። ይዛችሁ የመጣችሁትን ቁራጭ እንጨት ቁረጡበት። በባዶ መዞሩ ምንም አይነግራችሁም፣ ጉልበቱ የሚታወቀው እንጨት ሲነክስ ነው።

መጨረሻ ላይ ይህን ሙከራ አትዝለሉ። የጠረጴዛ መጋዙ እየዞረ ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይቁም። ራቅ ብላችሁ እንደገና ሰኩት። በራሱ ከተነሳ ማብሪያው ከመብራት መጥፋት አይጠብቃችሁም ማለት ነው። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ እጃችሁ የት እንዳለ አይጠይቅም። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ያለውን ምረጡ፣ ወይም ዋጋውን ደምራችሁ አስቀይሩት።

8. አሮጌና ከውጭ የመጣ ከሆነ

ምናለሽ ተራ (መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ስትሄዱ ማሽኑን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት። ቀድሞ ተነስቶ ከጠበቃችሁ የአነሳስ ችግሩ ተደብቋል። ሞተሩን አሽትቱ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ጠመዝማዛው ተጎድቷል። ካርቦን ያለው ከሆነ በማቀዝቀዣው ቀዳዳ ውስጥ ተመልከቱ። ጥቂት ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው፤ ዙሪያውን የሚሽከረከር ቀይ እሳት ግን የሞተር ሞት ነው። ደረሰኝ ወይም ቢያንስ የሻጩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ፣ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ መገኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ሲሆን ካርቦን ያለው በደህና ይሠራል፣ ግን ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት በእጥፍ ገደማ መብለጥ አለበት፤ ያ ደግሞ ከባድና ውድ ነው። ኢንዳክሽን ከሆነ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ዘመዳችሁን «ካርቦን አለው ወይስ የለውም?» ብላችሁ ሳይላክ ጠይቁ።

9. ብሩን ከፋፍሉ

ያላችሁን ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ። ከአምስት እጅ አንዱን አስቀሩ። ማሽኑ ጋር የሚመጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ ለመጣል የሚቀርብ ነው። ለ254 ሚሊ ሜትር መጋዝ ጣውላ በቁመት ለመቅደድ ባለ 24 ጥርስ፣ ለኤምዲኤፍና ለላሚኔት ባለ 60 ወይም ባለ 80 ጥርስ ያስፈልጋችኋል። ጥሩ ዲስክ የገባበት ርካሽ መጋዝ፣ መጥፎ ዲስክ ከገባበት ውድ መጋዝ የተሻለ ይቆርጣል። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ኤን95 ማስክም ከዚሁ ገንዘብ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ የመሣሪያ ሱቆችን ቢያንስ ሦስቱን ጠይቃችሁ መርካቶን ጨምሩበት፣ ከዚያ ተከራከሩ። ሻጩ ዋጋ አልቀንስም ካላችሁ ዲስክ ወይም ካርቦን አስጨምሩ።

10. ቤት ሲገባ

የመጀመሪያው ቀን የሥራ ቀን አይደለም። ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቁ። ዲስኩን በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጉ፤ ማሽኑ ላይ ያለውን የዲግሪ ምልክት አትመኑ። ኧርዙን (ወደ መሬት የሚሄደውን መስመር) በቴስተር አረጋግጡ። የማራዘሚያ ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ተጠቅልሎ ያለ ገመድ ጫና ሲበዛበት ይቀልጣል። ከዚያ ቁራጭ ላይ ብቻ ሥሩ። ችግር ካለው ሱቁ በሚቀበላችሁ ጊዜ ውስጥ ይታይ።

ጥንቃቄ

- ዲስክ ወይም ቢት (የራውተር መቁረጫ) ስትቀይሩ ስፒናው ይነቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም።
- በሚዞር ማሽን ላይ ጓንት፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ የለም። ጨርቁን ሲይዝ እጅን ጎትቶ ያስገባል።
- በዲስኩ ቀጥታ መስመር ላይ አትቁሙ። እንጨቱ ሲወረወር የሚመጣው በዚያ መስመር ነው።
- የመጨረሻዋን ስንዝር በጣት አትግፉ፣ በመግፊያ እንጨት ግፉ።
- የካፓሲተሩን ሽፋን አትክፈቱ። ተነቅሎም ይነዝራል።
- የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መድቦታል። ልጆች በሚተኙበት ክፍል ኤምዲኤፍ አይቆረጥ።

የተለመዱ ስህተቶች

የዲስኩን ውጫዊ ስፋት ብቻ አይቶ መግዛት። የመሀሉ ቀዳዳ 16፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከዘንጉ ጋር ልክ ካልሆነ ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። ቀዳዳውን ለኩና ጻፉት። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙርም ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። በተለይ የግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ዲስክ ማሰር እየተለመደ ነው፣ ይህን በፍጹም አታድርጉ። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል፣ ሲነክስ ከእጅ ያመልጣል፣ የሚያመልጠውም ወደ ፊትና ወደ ጭን ነው።

የራውተር ቢትን በግምት መግዛት። 6 ሚሊ ሜትር እና ሩብ ኢንች በዓይን አንድ ይመስላሉ። ሩብ ኢንች 6.35 ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ቢት ሩብ ኢንች የራውተር አንገት (ቢቱ የሚታሰርበት) ውስጥ የገባ ይመስላል እንጂ አይጨበጥም፤ ሥራ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ራውተሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ፣ አጥብቃችሁ፣ ስባችሁ ሞክሩ።